ላረጀ ኮምፒውተር የሚስማማ ሊኑክስ

በሐዋሳ ፒያሳ ማመልከቻ፣ ሲቪና ውል እየተየበ ለሚያትም የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ኮምፒውተር የዕለት እንጀራ ማግኛ በመሆኑ፣ ዕድሜው ስለገፋ ብቻ በቀላሉ የሚጣል ዕቃ አይደለም። ይሁንና ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በማቆሙ፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮች በይፋ የሚቀበለው በአብዛኛው ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን በመሆኑ፣ ገና ብዙ ሊሠሩ የሚችሉ ማሽኖች የደኅንነት ማሻሻያ የማይደርሳቸው ሆነዋል።

ሊኑክስ ፊንላንዳዊው ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው የስርዓተ ክወና እምብርት ሲሆን፣ የአንድሮይድ ስልኮችም በእርሱ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። እምብርቱ ከፕሮግራሞችና ከገጽታ ጋር ተዋህዶ ሲቀርብ ስርጭት ይባላል። እንደ ሉቡንቱ ያሉ ስርጭቶች ቀላል የሚባሉት ገጽታቸው ራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ለጊዜያዊ ሥራ የሚጠቀምበትን ማኅደረ ትውስታ፣ ስለሚቆጥብ ነው፤ 4 ጊጋባይት ራም ላለው ማሽን ሉቡንቱ ተስማሚ ምርጫ ነው። ሆኖም ገጽታው መቅለሉ የኢንተርኔት ማሰሻውን አያቀልለውም፤ ብዙ ገጽ በአንድ ጊዜ ከተከፈተ ራሙ መሙላቱ አይቀርም። አቅም ለፈቀደለት አሮጌውን ሃርድ ዲስክ ኤስኤስዲ በተባለው ፈጣን ማከማቻ መተካት ከማናቸውም ስርጭት ምርጫ የበለጠ ለውጥ ያመጣል።

ዲስኩን ፎርማት ከማድረግ በፊት ስርጭቱን በፍላሽ ላይ ጭኖ ኮምፒውተሩን ከፍላሹ ማስነሳት ይቻላል፤ በዚህ ጊዜ ዊንዶውስ ሳይነካ ዋይፋዩ፣ ድምፁና በተለይም ማተሚያው መሥራታቸው ይፈተሻል።

ለጽሕፈት ቤት ግን ወሳኙ ጥያቄ የአማርኛው ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት ቁጥር አሰጣጥ ውስጥ ስለገባ፣ ሊኑክስ አማርኛን ያለ ተጨማሪ ግዢ ያሳያል። ለመጻፍም አይባስ የተባለውን የኪቦርድ መምረጫ ከኤም17ኤን ጥቅል ጋር መጫን በቂ ሲሆን፣ «ሰላም» የሚለው ቃል የላቲኖቹን ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ እና ኤም በተከታታይ በመንካት ይጻፋል። ችግሩ ያለው በድሮዎቹ የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የተተየቡ ሰነዶች ላይ ነው፤ እነዚህ የራሳቸው አቀማመጥ ስላላቸው ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ትርጉም የለሽ ምልክት ሆነው ይታያሉ። ስለዚህ ወደ ዩኒኮድ ሳይቀየሩ ዊንዶውስን መሰረዝ ተገቢ አይደለም፤ ሒሳቡን በፒችትሪ የሚሠራ ድርጅትም ፕሮግራሙ ለዊንዶውስ የተሠራ ስለሆነ ለእርሱ አንድ ማሽን ቢያስቀር ይሻላል።

በአንጻሩ ደንበኞች ይዘውት በሚመጡት ፍላሽ የሚዛመተውና ማኅደሮችን ደብቆ በአቋራጭ ፋይሎች የሚተካው ቫይረስ የተሠራው ለዊንዶውስ በመሆኑ በሊኑክስ ላይ አይነሳም፤ የተደበቀው ማኅደርም በፋይል ማሳያው ላይ በግልጽ ስለሚታይ የደንበኛው ጽሑፍ በቀላሉ ይገኛል። ፍላሹ ግን ራሱ እንደተበከለ ስለሚቆይ፣ ወደ ሌላ ኮምፒውተር ከመሰካቱ በፊት አቋራጮቹንና ከእነርሱ ጋር የተቀመጠውን የቫይረሱን ፋይል መሰረዝ ያስፈልጋል።