የጉዞ ፎቶግራፍ፦ ተረቱና እውነታው

ገናና ጥምቀት በመጡ ቁጥር ወደ ላሊበላና ጎንደር የሚጎርፈው ተጓዥ ካሜራ ወይም ስልክ ይይዛል። አብሮት የሚጓዝ ሌላም ስንቅ አለ፤ ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ የቆየ ምክር። ከምክሩ ጥቂቱ ልክ ነው። የቀረው ግን ገንዘብ ያስወጣል፣ ጥሩ ምስል ያስመልጣል፣ ሲብስም ሰው ያስቀይማል።

ተረት፦ ሜጋፒክስሉ የበዛ ካሜራ የተሻለ ፎቶ ያነሳል።

እውነታ፦ ሜጋፒክስል የሚነግረን ፎቶው ምን ያህል ትልቅ ሆኖ መታተም እንደሚችል ነው። ባለ 12 ሜጋፒክስል ስልክ የሚሰጠው ምስል 4000 በ3000 ነጥብ ሲሆን፣ በመጽሔት ጥራት ወደ 34 በ25 ሴንቲ ሜትር ይታተማል። ለሳሎን ግድግዳ ይበቃል። ትልቅ ካሜራ የሚበልጠው በሴንሰሩ ስፋትና በሌንሱ ነው፤ ብልጫው የሚታየውም ብርሃን ሲያንስና ከሩቅ ሲነሳ ነው።

ተረት፦ በቀትር ፀሐይ ፎቶ አይነሳም።

እውነታ፦ ለሰው ፊት ምክሩ ይሠራል፤ ቀትር ላይ ዓይን ሥር ጥላ ይወድቃል። የላሊበላው ቤተ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን ግን ከአለት ወደ ታች 12 ሜትር ያህል ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ጠዋት ፀሐይ ዝቅ ብላ ሳለች ጣራው ላይ ያሉት መስቀሎች ሲያበሩ ግርጌው ገና ጥላ ውስጥ ነው። ብርሃኑ ግድግዳውን ይዞ ወደ ጉድጓዱ የሚወርደው ፀሐይ ከፍ ስትል ነው። ስለዚህ ሰዓቱን የሚወስነው ቦታው ነው። ምሽት ላይ ደግሞ ለምድር ወገብ በቀረበ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትጠልቅ ወርቃማው ብርሃን ቶሎ ያልፋል፤ ቀድሞ ቦታ መያዝ ያሻል።

ተረት፦ በአውቶማቲክ ከተነሳ ካሜራው ብርሃን አይስትም።

እውነታ፦ ይስታል፣ ያውም በእኛ በዓል ላይ። የካሜራ ብርሃን መለኪያ የሚሠራው የሚያየው ሁሉ በአማካይ ግራጫ እንደሆነ ቆጥሮ ነው። በገና ዕለት በላሊበላው ቤተ ማርያም ዙሪያ ቤዛ ኩሉ የተባለው መዝሙር ሲዘመር ሕዝቡ ነጭ በነጭ ነው። መለኪያው ብርሃን የበዛ ይመስለውና ይቀንሳል፤ ነጠላው አመድማ ይሆናል፣ ፊት ይጠቁራል። በስልክ የምታነሱ ፊቱን ነክታችሁ ብርሃኑን ወደ ላይ ሳቡ። በካሜራ ከሆነ የኤክስፖዠር ማስተካከያውን +1 ላይ አድርጉት፤ የሚገባው ብርሃን እጥፍ ይሆናል።

ተረት፦ ጨለማ ከሆነ መፍትሔው ፍላሽ ነው።

እውነታ፦ ትንሽ ፍላሽ ከጥቂት ሜትር አያልፍም። ፊት ለፊት ያለውን አንጥቶ ኋላውን ያጨልማል፣ የጧፉን ሙቅ ቀለም ያጠፋል፣ ጸሎተኛውን ይረብሻል። የካሜራውን የብርሃን ትብነት (አይኤስኦ) ከፍ አድርጉ፣ ክርናችሁን ዓምድ ላይ አስደግፉ፣ ትንፋሽ ይዛችሁ አንሱ።

ተረት፦ ሰው ከተጠየቀ ፎቶው ለዛ ያጣል።

እውነታ፦ መጀመሪያ ላይ ሰው ሊደነግጥ፣ ቀጥ ብሎ ሊቆም ይችላል። ትንሽ ከታገሡት ወደ ሥራውና ወደ ጨዋታው ይመለሳል፤ ያኔ የሚነሳው ፎቶ በስርቆት ከተነሳው ይበልጣል። ስምም መጠየቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1985 በናሽናል ጂኦግራፊክ ሽፋን ላይ የወጣችው ባለ አረንጓዴ ዓይኗ አፍጋናዊት ስደተኛ በመላው ዓለም ስትታወቅ፣ ሻርባት ጉላ መባሏን ፎቶ አንሺው ስቲቭ ማከሪ ያወቀው በ2002 ነው። ባለሙያም እንዲህ ያለውን ነገር ያልፈዋል።

ለቀጣዩ ጉዞ አዲስ ሌንስ ከመግዛታችሁ በፊት በቆይታችሁ ላይ አንድ ቀን ጨምሩ። ፈቃድ ጠይቁ፣ ስም መዝግቡ፣ ፎቶውንም ለተነሳው ሰው ላኩለት።