ጳጉሜን የማያውቅ መዝገብ

በሸዋ ሮቢት ገበያ አንድ ነጋዴ ከይፋት ቆላ ገበሬ ላይ ሽንኩርት በዱቤ ወሰደ እንበል። ዕለቱ ጥቅምት 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው፤ ሊከፍል የተዋዋለውም ለኅዳር 1 ቀን ነው። በመካከሉ 30 ቀን መኖሩን ገበሬው ጣቱን ሳይቆጥር ያውቀዋል። ይህንኑ ውል ፖስትግሬስ በሚባለው ዳታቤዝ ውስጥ ቁጥሩን እንዳለ ብንመዘግበው ግን፥ ሁለተኛውን ወር ፌብሩዋሪ ነው ብሎ ስለሚያነበው 29 ቀን ይለናል። ጥቅምት 30ን ጨርሶ አይቀበልም፤ ጳጉሜንንም 13ኛ ወር የለም ብሎ ይመልሳል። እምቢ ያለው ስሕተት ይታያልና አያሠጋም፤ የሚያሠጋው ዝም ብሎ የተቀበለው ነው።

ለዚህ መድኃኒቱ ቅጥያ መጻፍ ነው። ቅጥያ ማለት ለዳታቤዙ የማያውቀውን ሥራ የሚያስተምር ትንሽ ፕሮግራም ሲሆን፥ እኛም ራስት በሚባለው ቋንቋ፥ ፒጂአርኤክስ በተባለው መሣሪያ እየተረዳን ሞከርነው። ነገር ግን ቅጥያ የሚሠራው በዳታቤዙ ሆድ ውስጥ ነው፤ ያልተፈቀደለትን የኮምፒዩተር ማስታወሻ ቢነካ ዳታቤዙ የሌሎቹን ተጠቃሚዎች ግንኙነት ሁሉ ቆርጦ እንደ አዲስ ለመነሣት ይገደዳል። ስለዚህ ሳይፈተን ሊገባ አይገባውም።

የፈተናው አካሄድ እንዲህ ነው። «ካርጎ ፒጂአርኤክስ ቴስት» የሚለው ትእዛዝ ሲሰጥ፥ መሣሪያው ቅጥያውን ይገነባል፤ ለፈተና ብቻ የሚሆን ዳታቤዝ ያስነሣል፤ ቅጥያውንም እዚያው ይተክላል። ከዚያም እያንዳንዱን ፈተና በዳታቤዙ ውስጥ፥ ለብቻው በተከፈተ ትራንዛክሽን ያካሂዳል። ፈተናው ሲያበቃ የጻፈው ሁሉ ይሻራል፤ አንዱ ለሌላው እንቅፋት ትቶ አይሄድም።

ጥያቄውን መምረጥ ግን የእኛ ፈንታ ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015፥ እንደ ፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 መሆን አለበት፤ ዓመቱ ዘመነ ሉቃስ ነበርና። በማግሥቱ መስከረም 1 ቀን 2016 ሴፕቴምበር 12 ይሆናል፤ መስከረም 1 ቀን 2017 ግን ወደ ሴፕቴምበር 11 ይመለሳል። ጳጉሜን 6 ቀን 2016 የሚባል ቀን ስለሌለ፥ የዚህ ፈተና ትክክለኛ መልስ እምቢታ ነው፤ ቅጥያው ከተቀበለው ወደቀ ማለት ነው።

እኛም ወድቀናል። ሒሳባችን ደኅና ነበር፤ ነገር ግን የፈረንጁን ልማድ ይዘን፥ ለአራት ሲካፈል ምንም የማይተርፈውን ዓመት ባለ ስድስት ጳጉሜን አደረግነው። ትክክሉ 3 የሚተርፈው ዓመት ነው። ተራዎቹ ቀኖች ሁሉ አለፉ፤ ያጋለጠን ጳጉሜን 6 ብቻ ነው። በዓይናችን ብቻ አንብበን ቢሆን ኖሮ ስሕተቱ እስከሚቀጥለው ዘመነ ሉቃስ ተደብቆ በቆየ ነበር።

ስለዚህ ጽሑፉ በተነካ ቁጥር፥ ቅጥያው ሊሠራባቸው በታሰቡት የፖስትግሬስ እትሞች ሁሉ ላይ ፈተናው ማንም ሳያስታውሰው በራሱ እንዲካሄድ አድርገናል። ሳይርቁ በቅርቡ፥ ሳይደርቁ በርጥቡ ይባል የለም? የይፋት ገበሬ የእኛን ፕሮግራም አያነብም፤ የዱቤውን ቀን ግን አይረሳም። መዝገቡ ከእርሱ ጋር መስማማት አለበት እንጂ እርሱ ከመዝገቡ ጋር አይደለም።