ሦስት ጉልቻ፣ ሦስት እግር

ኧረ ስሙኝማ! ይህን ሳልነግራችሁ ብውል ሆዴ አይችልም።

እሑድ ዕለት ደብረ ማርቆስ ዳር አክስቴ ግቢ ቡና ልንጠጣ ተሰብስበን ነበር። ግቢው ሣር ነው፤ አንዱ ጋ ጉብ፣ አንዱ ጋ ጎድጎድ ያለ። ለእኔ ባለአራት እግር ወንበር ወጣልኝ። ገና ስቀመጥ ቋ! አለና ወደ ግራ ሄደ። ስስተካከል ቋ! ወደ ቀኝ። አክስቴ ግን በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ ቡናውን ትቀዳለች፣ ንቅንቅ የለም። በርጩማውን አንስታ ጥላው ሥር ወሰደችው። እዚያም ንቅንቅ የለም!

በርጩማው ሦስት እግር ነው ያለው። እንዴት ከአራቱ በለጠ? እያልኩ ስገረም ዓይኔ ማድቤቱ በር ላይ ካለው ጉልቻ ላይ ዐረፈ። ሦስት ድንጋይ! ሁላችን «ሦስት ጉልቻ» እያልን አድገናል፤ ለምን ሦስት እንደሆነ ግን ጠይቄ አላውቅም።

እናንተም ሞክሩት። ሦስት ጠጠር ዘርዘር አድርጋችሁ አስቀምጡ፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ መካከለኛ ይሁን። ትሪ ጣል አድርጉባቸው። ትሪው ቢያዘነብል እንጂ አይወላወልም፤ ሦስቱንም ነክቶ ቁጭ ይላል። አሁን አራተኛ ጠጠር ጨምሩ። ትሪው በሦስቱ ላይ ያርፍና አንዱን ሳይነካው ይቀራል። ጫን ስትሉት ወደዚያኛው ይዞራል፣ ሌላኛው ባዶውን ይቀራል። ቋ! የወንበሬ ድምፅ ይሄ ነበር! አራት እግር የሚስማማው ሊሾ ወለል ላይ ነው። ሦስት እግር ግን የትም መሬቱን ያገኘዋል። መሬት ቀያሾች መሣሪያቸውን በሦስት እግር የሚያቆሙት ለካ ለዚህ ነው።

ቆይ ግን፣ ሦስት እግር ቶሎ አይገለብጥም? ይገለብጣል! እግሮቹን ዙሪያቸውን በገመድ ያሰራችኋቸው ይመስል አስቡ። ክብደታችሁ ከገመዱ ውስጥ እስካለ ድረስ ደኅና ናችሁ፤ ከወጣ ወደቃችሁ። በሦስት እግር ላይ ገመዱ ወደ መሐል ጠጋ ይላል። ታዲያ ጠራቢው ምን አደረገ? በርጩማውን አሳጠረው፣ እግሮቹንም ወደ ውጭ ከፈታቸው። ሸክም የያዘ ሰው ዳገት ላይ እግሩን ከፈት፣ ወገቡን ዝቅ እንደሚያደርገው ማለት ነው። እኔ እኮ ማጠሩ እንጨት ለመቆጠብ ይመስለኝ ነበር!

መቀመጫው ደግሞ እንደ ሰሃን ጎድጎድ ያለ ነው። ስንቀመጥ ክብደታችን ሁለት አጥንቶች ላይ ይወድቃል፤ ጠፍጣፋ ጣውላ ላይ እነሱ ናቸው የሚታመሙት። ጎድጓዳው ግን እንቁላልን እንደያዘ መዳፍ ዙሪያውን ይቀበለናል።

ጥንካሬውስ? ደብረ ማርቆስ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለችው፤ ክረምቱ ዝናብ፣ በጋው ደረቅ። እንጨት እርጥበት ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ያውም በቁመቱ ሳይሆን በወርዱ። ስለዚህ ሁለት እንጨት ሲገጣጠም አንዱ በአንድ በኩል፣ ሌላው በሌላ በኩል ይሳሳባሉ፤ ዓመት ዓመት እያለ መጋጠሚያው ይላላል። በርጩማው ግን ከአንድ ግንድ ነው የተፈለፈለው። የሚላላ መጋጠሚያ የለውም!

የአክስቴ ከዋንዛ የተሠራ ነው። ዋንዛ ለመሮ ይመቻል፣ ክብደቱም ልክ ነው፤ በአንድ እጅ ይነሣል። የቤተ ክርስቲያን ከበሮም ከእሱ ይፈለፈላል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ግን ከጽድ፣ ከዝግባና ከኮሶ ጋር ከመንግሥት ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎት ነበር። ደግ አደረገ፤ ዛፉ እየሳሳ ነው።

በርጩማውን ገልብጬ አየሁት። ከእግሩ ጫፍ እስከ መቀመጫው ጣቴን አስኬድኩ፤ የመሮው ፋና ይሻክራል እንጂ የተገጠመበት ቦታ የለም። እግር የት አልቆ መቀመጫ የት እንደጀመረ መለየት አቃተኝ። አክስቴ ጀበናውን አንሥታ ቆማ ትጠብቀኛለች።

«በል አምጣው፤ በረካው ደርሷል» አለችኝ።