የጆሮ ምልክትና መዝገብ

በነገሌ ቦረና፣ በያቤሎና በሞያሌ አገር ከብት የሰው ሀብቱም ክብሩም እንደ ሆነ የታወቀ ነው። ባለከብቱም ከጥንት ጀምሮ የጎሣውን ምልክት በከብቱ ጆሮ ላይ እየቆረጠ የራሱን ከሌላው ይለያል። ይህን ምልክት ግን የባሕር ማዶ ገዢ ሊያነበው አይችልም። በሽታ በተነሣ ጊዜ የታመመው ከየትኛው መንጋ እንደ መጣ ማስረዳት ካልተቻለ፣ ጤነኛው አብሮ ይከለከላል። በ1993 ዓ.ም. የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት በተነሣ ጊዜ የዓረብ አገሮች ከአፍሪቃ ቀንድ የሚሄደውን ከብት ከልክለው ነበር።

ዛሬ በጆሮ ላይ የሚንጠለጠለው የኤሌክትሮኒክ ምልክት 15 አኃዝ ያለው ቁጥር ይይዛል፤ በአገር መለያ ሲጻፍ የኢትዮጵያ 231 ነው። ነገር ግን ማንበቢያው መሣሪያ ከኮምፒዩተሩ ጋራ በሽቦ ወይም በብሉቱዝ በሚገባ ካልተገናኘ፣ በሽቦም ሲሆን የሁለቱ የመቀባበያ ፍጥነት እኩል ካልሆነ፣ የተነበበው ቁጥር ከመዝገብ አይደርስም። ቁጥሩም እንደ ጽሕፈት ሳይሆን እንደ ሒሳብ ከገባ፣ ኮምፒዩተሩ አሳጥሮ ሊያሳየው ይችላል።

ስለዚህ ከገበያው ቀን አስቀድሞ፣ ቁጥሩ በታወቀ በአንድ ምልክት መሣሪያውን መፈተን ይገባል። ባለከብቱ አምኖ የከብቱን ጆሮ ሰጥቷልና፣ ቁጥሩን ሳያጎድሉ ከመዝገብ ማድረስ የሹማምንቱ አደራ ነው።