ሚዛን ላይ ያልወጣ ዱባ ስንት ኪሎ ይሆናል?

ውድ እጩ መምህራን ጓደኞቼ፤ «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ነገር ግን የዱባን አበቃቀል ሜትር ይዞ የለካ ከመካከላችን ስንቱ ነው? በሰሜን አሜሪካና በአውሮፓ አገሮች ዱባቸውን በየዕለቱ እየለኩ በደብተር የሚመዘግቡ ሰዎች አሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም እነዚህ ሰዎች ገና ከሐረጉ ያልተቆረጠ ዱባ በመጨረሻው ስንት ኪሎ እንደሚመዝን እንዴት አድርገው አስቀድመው እንደሚገምቱ ማስረዳት ነው። ነገሩ ለሳይንስም ሆነ ለሒሳብ ትምህርት ስለሚጠቅም በትዕግሥት አንብቡልኝ።

በመጀመሪያ ስለ ምን ዓይነት ዱባ እንደምናወራ እንወቅ። እኛ ለወጥ የምናውቀው ዱባ አንድ ሰው ተሸክሞ ገበያ የሚያወጣው ነው። የውድድር ዱባ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 ዊልያም ዋርኖክ የተባለ ካናዳዊ ፓሪስ ላይ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን 181 ኪሎ የሚመዝን ዱባ አቀረበ። በ1904 ደግሞ በሴንት ሉዊስ ከተማ 183 ኪሎ አስመዘነ። ይህን ክብረ ወሰን እስከ 1976 ድረስ የሰበረው አልተገኘም። ከዚያ በኋላ ሃዋርድ ዲል የተባለ የኖቫ ስኮሺያ ገበሬ ዘር እየመረጠ «አትላንቲክ ጃያንት» የሚባለውን ዝርያ አወጣ፤ በ1981ም 224 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ዱባ አበቀለ። በ2012 ሮን ዋላስ የተባለ አሜሪካዊ 911 ኪሎ አደረሰው። በ2023 ደግሞ ትራቪስ ጊንገር ካሊፎርኒያ ውስጥ 1,247 ኪሎ የሆነ ዱባ አስመዘነ። አሥራ ሁለት ኩንታል ተኩል ሊሞላ ምንም ያልቀረው ማለት ነው! የዚህ ሰው ሙያ ደግሞ የአትክልት ልማት መምህርነት መሆኑ እኛን ሳያስደስተን አይቀርም።

ታዲያ ዱባው እያደገ ሳለ ለምን አይመዘንም? ምክንያቱ ግልጽ ነው። ዱባው ምግቡንና ውሃውን የሚያገኘው ከሐረጉ ጋር በሚያያይዘው አንገቱ በኩል ነው። ለመመዘን ሲያነሱት አንገቱ ከተሰበረ የወራት ልፋት በአንድ ቀን ገደል ገባ ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ አብቃዩ ዝም ብሎ እስከ መጨረሻው ሊጠብቅ አይችልም። በአንድ ሐረግ ላይ ሁለትና ሦስት ዱባ ሲይዝ፣ ምግቡን ሁሉ ለአንዱ ለመስጠት ሲል የቀሩትን ገና በልጅነታቸው ቆርጦ ይጥላቸዋል። የተቆረጠ ዱባ ተመልሶ አይቀጠልም። ስለዚህ ሳይነካ የሚያውቅበት ዘዴ የግድ ያስፈልገዋል።

ዘዴው በልብስ ሰፊ ሜትር የሚሠራ ነው። ሦስት ልኮች ይወሰዳሉ። አንደኛ፣ የዱባው ዙሪያ፣ ማለትም ከመሬት ጋር ትይዩ ሆኖ አንገቱንና የአበባውን ጠባሳ ይዞ ሲዞር ያለው ርዝመት ነው። ሁለተኛ፣ በአንገቱ በኩል ካለው መሬት ተነሥቶ በዱባው አናት ላይ አልፎ በአበባው ጠባሳ በኩል መሬት እስኪነካ ድረስ ያለው ነው። ሦስተኛ፣ እንደዚሁ በአናቱ ላይ ከግራ መሬት እስከ ቀኝ መሬት ያለው ነው። ሦስቱ ይደመሩና ድምሩ ቀደም ሲል ከተለኩና ከተመዘኑ ብዙ ዱባዎች በተዘጋጀ ሠንጠረዥ ላይ ይታያል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። ድምሩ 5 ሜትር ሲሆን የሚገመተው ክብደት 80 ኪሎ ገደማ ነው። ድምሩ 10 ሜትር ሲሆንስ? ብዙ ሰው 160 ኪሎ ሊል ይችላል። መልሱ ግን 620 ኪሎ ገደማ ነው። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ክብደቱ ስምንት እጥፍ ሊሆን ጥቂት ቀረው። ይህም ጎኑ 1 ሜትር የሆነ ሳጥን ይዘቱ 1 ሜትር ኩብ ሆኖ ሳለ፣ ጎኑ 2 ሜትር ሲሆን ይዘቱ 8 ሜትር ኩብ የሚሆንበት ሕግ ነው። ዱባ ሳጥን ስላልሆነ፣ ሲገዝፍም ቅርጹ ስለሚለወጥ ልክ ስምንት አይመጣም እንጂ ምክንያቱ አንድ ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነጥብ እንምጣ። የዛሬው ልክ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ የሚናገረው በትናንቱና በዛሬው መካከል ያለው ልዩነት ነው። ለምሳሌ እኩል ዕድሜ ያላቸው ሁለት ዱባዎች አሉን እንበል። የአንደኛው ዙሪያ 60 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በቀን 4 ይጨምራል። የሁለተኛው 55 ሆኖ በቀን 7 ይጨምራል። በዓይን ያየ ሰው አንደኛውን ያስቀራል። በዚሁ ከቀጠሉ ግን ከ10 ቀን በኋላ አንደኛው 100፣ ሁለተኛው 125 ሳንቲ ሜትር ይደርሳሉ። ደብተር የያዘ ሰው የትኛውን እንደሚቆርጥ ያውቃል ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ዕድገቱም ራሱ አይጸናም። የዱባው ዕድሜ የሚቆጠረው የወንዴው አበባ ብናኝ ከሴቴው አበባ ላይ ካረፈበት ቀን ጀምሮ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ክብደቱ ቀስ እያለ ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት ይፈጥናል፤ ትልልቆቹ የውድድር ዱባዎች በዚህ ወቅት በቀን ከ20 ኪሎ በላይ የሚጨምሩበት ጊዜ አለ። ቆይቶ እንደገና ይቀዘቅዛል።

ይህን የዘነጋ ሰው እንዴት እንደሚሳሳት በቁጥር እንየው። በ30ኛው ቀን 250 ኪሎ የሚገመትና በቀን 20 ኪሎ የሚጨምር ዱባ አለ እንበል። እስከ ውድድሩ 60 ቀን ቀርቷል። 20 በ60 አባዝተን 250 ብንጨምርበት 1,450 ኪሎ ይሆናል። ነገር ግን የቀኑ ጭማሪ በየ10 ቀኑ 20፣ 14፣ 8፣ 5፣ 2፣ 1 እያለ ቢወርድ የሚጨመረው 500 ኪሎ ብቻ ስለሆነ ዱባው በ750 ይቆማል። ስለዚህ ብልህ አብቃይ ያለፉትን ዓመታት ደብተሩን ይገልጣል። የቀድሞ ዱባዎቹ በ30ኛው ቀን የመጨረሻ ክብደታቸውን ከሦስት እጅ አንዱን ይዘው ከነበረ፣ 250ን በ3 አባዝቶ እሱም 750 ይላል።

ግምት መቼም ግምት ነው። የሥጋው ውፍረት ስለሚለያይ ከሠንጠረዡ 10 በመቶ የሚበልጥም የሚያንስም ዱባ አለ። በፍጥነት ሲያድግ የሚሰነጠቅም ሞልቷል፤ ስንጥቁ እስከ ውስጥ ከዘለቀ ደግሞ ከውድድር ውጭ ይሆናል። ቢሆንም መዝገቡ ለግምት ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። የቀኑ ጭማሪ ድንገት ቢወርድ ውሃ አንሶት ወይም ሥሩ ታሞ ሊሆን ስለሚችል፣ ቅጠሉ ሳይጠወልግ አብቃዩ እንዲመረምር ያደርገዋል።

ጓደኞቼ፤ ይህን ሁሉ ለማስተማር ግዙፍ ዱባ አያስፈልገንም። በትምህርት ቤት ጓሮ የበቀለ ማንኛውም ዱባ፣ አንድ የልብስ ሰፊ ሜትርና አንድ ደብተር ይበቃል። ተማሪዎች በሳምንት ሁለት ጊዜ በተመሳሳይ ሰዓት ይለኩ፤ ጭማሪውን በግራፍ ይሣሉ፤ ዱባው ሳይቆረጥ እያንዳንዱ ግምቱን ጽፎ ለመምህሩ ይስጥ። ከዚያ በገበያ ሚዛን ተመዝኖ ማን እንደቀረበ ይታይ፤ የራቀውም ለምን እንደራቀ ከግራፉ ላይ ይፈልግ። እኛም ከወዲሁ ብንሞክረው መልካም ነው፤ ሜትር ያለው ይዞ ይምጣ!