ከሩማ ጋዳንግ ወደ ከተማ ቤት፦ ከትውልድ አገራቸው ርቀው የሚኖሩ የሚናንግካባው ሴቶች ድርሻ ለውጥ

መግቢያ

የሚናንግካባው ሕዝብ ጥንተ አገር በኢንዶኔዢያ፣ በሱማትራ ደሴት ምዕራባዊ ክፍል የሚገኘው ደጋማ ምድር ነው። በ2010 በተካሄደው የሕዝብ ቈጠራ መሠረት የዚህ ብሔረሰብ ቍጥር በኢንዶኔዢያ ውስጥ ከ6 ሚሊዮን በላይ ሲሆን፣ ከሦስት አንድ እጅ ያህሉ ከምዕራብ ሱማትራ ክፍለ ሀገር ውጭ ይኖር ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

ይህ ሕዝብ በማኅበራዊ ኑሮ ተመራማሪዎች ዘንድ በሁለት ነገሮች ይታወቃል። አንደኛው፣ የእስልምና ሃይማኖት ተከታይ ሆኖ ሳለ ዘሩንና ርስቱን በእናት ወገን የሚቈጥር መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ «መራንታው» በሚባለው ልማድ መሠረት ሀብትን፣ ዕውቀትንና ልምድን ለመፈለግ ከትውልድ አገሩ ርቆ የሚሄድ መሆኑ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህ ሁለት ነገሮች በሚገናኙበት ቦታ ላይ የሚነሣውን ጥያቄ ማብራራት ነው። ይኸውም የሴቲቱ ክብርና ሥልጣን በቤትና በመሬት ላይ የተመሠረተ ከሆነ፣ ቤቱንና መሬቱን ትታ ስትሄድ ድርሻዋ ምን ይሆናል? የሚል ነው።

1. የሴቲቱ ሥልጣን መሠረት

በሚናንግካባው ሥርዐት ልጅ የእናቱ «ሱኩ»፣ ማለትም የእናቱ ነገድ አባል ነው። «ሃርታ ፑሳካ» የሚባለው የአያት የቅድመ አያት ርስት፣ ማለትም የሩዝ እርሻውና «ሩማ ጋዳንግ» የሚባለው ትልቁ የዘመድ ቤት፣ ከእናት ወደ ሴት ልጅ ይተላለፋል። ርስቱ የወል በመሆኑ አይሸጥም። በመያዣነት ሊሰጥ የሚችለውም በልማድ በታወቁ አራት ምክንያቶች ብቻ ነው፤ እነርሱም በቤት ያለን አስከሬን ለመቅበር፣ ዕድሜዋ የደረሰን ልጃገረድ ለመዳር፣ የተጐዳውን ትልቅ ቤት ለመጠገንና የነገዱን ሹም ለመሾም ናቸው።

ይህ ሲባል ግን አገዛዙ የሴቶች ብቻ ነው ማለት አይደለም። የነገዱ ሹመት የወንድ ነው፤ የእኅቶቹን ልጆች የሚመክርና ስለ ርስቱ የሚናገር «ማማክ» የሚባለው የእናት ወንድም ነው። ሆኖም «ቡንዶ ካንዱዋንግ» የምትባለዋ የቤቱ ታላቅ እናት ሳትስማማ ስለ ርስትና ስለ ጋብቻ ቍርጥ ውሳኔ አይደረግም። ባል በሚስቱ ቤት እንደ ክብር እንግዳ ይቈጠር ነበር፤ ማታ መጥቶ ቀን ወደ እናቱ ወይም ወደ እኅቱ ቤት ይመለሳል። ወንዶች ልጆችም ከፍ ሲሉ የሚያድሩት ቍርኣን በሚማሩበት «ሱራው» ውስጥ እንጂ በእናታቸው ቤት አልነበረም።

እንግዲህ ወጣቱ ወንድ ከአገሩ እንዲወጣ የሚገፋፋውና ሴቲቱ ቤት ጠባቂ ሆና እንድትቀር የሚያደርጋት ሥርዐት አንድና ያው መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

2. ሴቶች ከአገር መውጣት የጀመሩበት ሁኔታ

በቀድሞው ጊዜ ወንዱ ብቻውን ሄዶ፣ ነግዶ ወይም ተምሮ ይመለስ ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ግን የደመወዝ ሥራ፣ ዘመናዊ ትምህርት ቤትና መንገድ ሲስፋፉ፣ ባልና ሚስት ልጆቻቸውን ይዘው በከተማ መኖር ጀመሩ። በ1958 በምዕራብ ሱማትራ የተነሣው ዐመፅ በ1961 ከተሸነፈ በኋላ ደግሞ ብዙ ቤተ ሰቦች ወደ ጃካርታና ወደ ሌሎች ከተሞች ፈለሱ። መመለስን ሳያስቡ ከነቤተ ሰብ የመውጣት ልማድ «መራንታው ቺኖ» የሚል ስም አግኝቷል። ሞክታር ናይም በ1970ዎቹ፣ ጃፓናዊው ጹዮሺ ካቶም በ1982 ባሳተመው መጽሐፉ ይህንኑ ፍልሰት በሰፊው አጥንተዋል።

ለዚህ ለውጥ ትምህርት ያደረገው አስተዋፅኦ ከፍተኛ ነው። ሮሃና ኩዱስ በ1911 በኮቶ ጋዳንግ የሴቶች የእጅ ሥራና የትምህርት ማኅበር አቋቁማ፣ በ1912 የሴቶች ጋዜጣ ማዘጋጀት ጀመረች። ራህማ ኤል ዩኑሲያ በ1923 በፓዳንግ ፓንጃንግ «ዲኒያ ፑትሪ» የተባለውን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፈተች። በዚሁ ትምህርት ቤት ያስተማረችው ራሱና ሳይድ በሆላንድ ቅኝ አገዛዝ ላይ ባደረገችው ንግግር በ1932 ታሰረች፤ ኋላም ከትውልድ አገሯ ርቃ በሜዳንና በጃካርታ ሠርታ በ1965 ዐረፈች፤ በ1974 ብሔራዊ ጀግና ተብላለች። እነዚህ ሴቶች የተማረች ሴት የምትሠራበት ሜዳ ከትልቁ ቤት አጥር ውጭ ጭምር መሆኑን አሳይተዋል።

3. በከተማ የተለወጠው ምንድን ነው?

ሀ) የቤቱ አቋም። በከተማ ቤት ውስጥ የሚኖሩት ባል፣ ሚስትና ልጆች ናቸው። ባል እንግዳ መሆኑ ቀርቶ የዕለት ተዕለት ኑሮ ተካፋይ ሆኗል፤ የእናት ወንድም ሩቅ በመሆኑ ልጅን የማሳደግና የማስተማር ኀላፊነት በአባት ላይ ወድቋል። የ1974ቱ የኢንዶኔዢያ የጋብቻ ሕግ አንቀጽ 31 ባልን የቤተ ሰብ ራስ፣ ሚስትን የቤት እመቤት ብሎ መደንገጉም የከተማውን ልማድ በሕግ አጠንክሮታል።

ለ) ውርስ። በ1952 የሃይማኖት ሊቃውንት፣ የነገድ ሹማምንትና ምሁራን በቡኪቲንጊ ተሰብስበው የአያት ርስት በልማድ፣ በግል ድካም የተገኘ ጥሪት ግን በእስልምና የውርስ ሕግ እንዲተላለፍ ተስማምተዋል። በ1968 በፓዳንግ የተደረገው ጉባኤም ይህንኑ አጽንቷል። ውጤቱን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በአገር ቤት የእናት እርሻ ለሴት ልጆች ይተላለፋል። በጃካርታ በንግድ ትርፍ የተሠራ ቤት ግን የግል ጥሪት ስለ ሆነ፣ በሃይማኖቱ ሕግ ሴት ልጅ የምትወርሰው የወንድሟን ግማሽ ነው። ስለዚህ የቤተ ሰቡ ሀብት ከእርሻ ወደ ከተማ በተሻገረ መጠን የሴት ልጅ ድርሻ እያነሰ ይሄዳል። በሌላ በኩል በጋብቻ ጊዜ የተፈራ ሀብት የባልና የሚስት የጋራ መሆኑን የ1974ቱ ሕግ ስለሚደነግግ፣ ሚስት ያለ ዋስትና ቀርታለች ማለት አይቻልም፤ ዋስትናዋ ግን ከዘመድ ወደ ጋብቻ ተዛውሯል።

ሐ) ሥራና ገቢ። በጃካርታው የታናህ አባንግ ገበያ የሚናንግካባው ነጋዴዎች በብዛት ይገኛሉ፤ የፓዳንግ ምግብ ቤቶችም በኢንዶኔዢያ ከተሞች ሁሉ የታወቁ ናቸው። በእነዚህ የሥራ መስኮች፣ እንዲሁም በመምህርነትና በመንግሥት ሥራ ሴቶች የራሳቸውን ገቢ ያገኛሉ። ወደ አገር ቤት በሚልኩት ገንዘብም ትልቁን ቤት ያሳድሳሉ፤ ቃላቸውም በዘመድ ጉባኤ ክብደት ያገኛል።

መ) የልጆች ማንነት። ሚናንግካባው ያልሆነች ሚስት ያገባ ወንድ የሚወልዳቸው ልጆች በልማዱ መሠረት ሱኩ የላቸውም። በከተማ ያደገችና የማትመለስ ሴት ልጅ ደግሞ በርስቱ ላይ መብት ቢኖራትም፣ እርሻውን የምታርሰውና ቤቱን የምትጠብቀው በአገር ቤት የቀረችው እኅት ወይም የአክስት ልጅ ናት። የአንዷ መውጣት የሌላዋን ሸክም ያከብዳል። ሴት ወራሽ የጠፋበት ቤት «ፑና»፣ ማለትም ዘሩ የተቋረጠ ይባላል፤ ይህም እንደ ትልቅ ሐዘን ይቈጠራል።

4. የኔግሪ ሰምቢላን ማነጻጸሪያ

ከላይ የተዘረዘረው ለውጥ የርቀት ውጤት ብቻ እንዳልሆነ የሚያስረዳ አንድ ማስረጃ አለ። ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ባሕር ተሻግረው በዛሬይቱ ማሌዢያ በኔግሪ ሰምቢላን የሰፈሩት ሚናንግካባዎች የእናት ወገን ሥርዐታቸውን ጠብቀው ቈይተዋል። እነርሱ የሰፈሩት እርሻ አቅንተው ሲሆን፣ በ1909 የወጣው የልማዳዊ ይዞታ ሕግም የነገዱን ርስት በሴቶች ስም የማስመዝገብን አሠራር አጸና። ስለዚህ ሥርዐቱን ያጸናው ለትውልድ አገር መቅረብ ሳይሆን በሴት እጅ ያለ መሬት መሆኑን መረዳት ይቻላል። መሬት በሌለበት ከተማ ግን ሥርዐቱ የሚኖረው በስም፣ በሠርግ ሥርዐትና በበዓል ጊዜ ወደ አገር ቤት በጋራ በመመለስ ልማድ ነው።

5. ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች

ከዚህ ጥናት ሦስት ነጥቦችን ማውጣት ይቻላል። አንደኛ፣ የሴቶች ድርሻ በባህል ስም ብቻ ሊመዘን አይገባም፤ ቤቱ፣ መሬቱና ሱቁ በማን ስም እንደ ተመዘገበ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ «አባት የቤት ራስ፣ እናት የወጥ ቤት ሠራተኛ» የሚል አንድ ዐይነት ሥዕል ብቻ የያዘ የመማሪያ መጽሐፍ፣ ቤትና እርሻ የእናቱ እንደ ሆነ እያየ ያደገውን ልጅ ኑሮ ይሽርበታል። በምዕራብ ሱማትራ በ1990ዎቹ የሚናንግካባው ባህል እንደ አካባቢያዊ ትምህርት መሰጠቱ ይህን ጉድለት ለመሙላት የተደረገ ጥረት ነበር፤ ይሁን እንጂ በጃካርታ የሚማረው የፍልሰተኛ ልጅ ዘንድ አይደርስም ነበር። ሦስተኛ፣ ፍልሰት ለሴት ነጻነት ወይም ጉዳት ነው ብሎ በአንድ ቃል መደምደም አይቻልም። ያው አንድ ጉዞ ደመወዝ ሰጥቷት ርስቷን ሊያርቅባት ይችላል።

በአጭሩ፣ የሚናንግካባው ሴት በአገሯ የምትከበረው ቤት ስላላት ነው። በከተማ ክብሯን ጠብቃ መኖር የምትችለውም ትምህርትና ሥራ ከማግኘቷ ሌላ፣ በድካሟ በተሠራው ቤት ላይ ያላት መብት በሕግና በመዝገብ ሲጸና ነው።