በካርዱ የተሳበበ ድምፅ

ካሴቱ ከዋሽንግተን የመጣ ነው። እዚያ የተደረገ ሰርግ እዚያው ተቀርጾ፣ ተቀናብሮ፣ በቪኤችኤስ ተገልብጦ በዘመድ ሻንጣ አዲስ አበባ ገባ፤ ከዚያ ወዲያ ኑሮው ቡፌ ውስጥ ሆነ። የሙሽራዋ እናት «ወደ ፍላሽ ይገልበጥልኝ» ብለው ወደ ሱቁ ሲያመጡት ዴክ ከየቤቱ ከጠፋ ቆይቷል። እስከ መጨረሻው ሲያመርት የነበረው የጃፓኑ ፉናይ እንኳ ሥራውን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው።

ሱቁ ግን ዴክ አለው፤ የእኛን የቴሌቪዥን ሥርዓት ፓልንም የአሜሪካውን ኤንቲኤስሲንም የሚያጫውት። ካፕቸር ካርድ የተሰካበት ዴስክቶፕም አለ። የካርዱ ሥራ በቢጫው ገመድ የሚመጣውን ምስል ወደ ቁጥር ለውጦ ለኮምፒውተሩ ማስረከብ፣ በቀይና በነጩ የሚመጣውን ድምፅም ተቀብሎ ማሳለፍ ነው። መጀመሪያ በፓል ሲሞከር እየተንከባለለ ያስቸገረው ምስል ካርዱ ወደ ኤንቲኤስሲ ሲዞር ረጋ፤ ሙሽራዋም ሚዜዎቿም በወጉ ታዩ። ያስቸገረው ድምፁ ነው። ከሙዚቃው ስር እንደ ንብ ቀፎ ያለማቋረጥ የሚያጉረመርም፣ በላዩም ቀጭን ፉጨት የሚጨምር ነገር ነበረበት።

የሱቁ ልጅ ፍርድ ለመስጠት አልዘገየም፤ «ካርዱ ነው» አለ። ካርዱ ያገለገለ ዕቃ ነውና ለመወንጀል ይመቻል። መርካቶ ወርዶ ሌላ ገዝቶ ቀየረው። አዲሱ ካርድ ያንኑ ድምፅ ምንም ሳያጓድል ደገመው።

ከጎን ባለው ክፍል ራዲዮና ቴፕ የሚጠግኑ አዛውንት አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራቸው ጋሼ ብሎ ነው። ገብተው ጥቂት አዳመጡና ልጁን ቀልድ የመሰለውን ጥያቄ ጠየቁት።

«የሚጮኸው ካርዱ ነው ወይስ ስፒከሩ?»

«ያው አይደለም እንዴ ጋሼ?»

«አይደለም። ስፒከሩን አጥፋና ጆሮህን ኬዙ ላይ ጣል።»

አጠፋ። ከፋኑ ንፋስ በቀር የሚሰማ ነገር የለም። ጊዜ የማትፈጅ ሙከራ ናት፤ ግን ጥያቄውን ለሁለት ትከፍለዋለች። ኮምፒውተር ውስጥ ያሉ ኮይሎችና የሴራሚክ ካፓሲተሮች በውስጣቸው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ሲለዋወጥ ይንቀጠቀጣሉ፤ አንዳንዱ ካርድ ራሱ በአየር ላይ የሚያፏጨው ለዚህ ነው። ያ ጩኸት አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ያሰለቻል እንጂ የተቀረጸው ፋይል ውስጥ አይገባም። የእኛው ግን ፋይሉ ውስጥ ነበር። ስለዚህ መፈለግ ያለበት ሁከቱ ወደ ድምፁ መንገድ የገባበት በር ነው።

«አሁን ማውሱን አንቀሳቅሰው» አሉ ጋሼ።

ልጁ ስፒከሩን መልሶ አበራና አንቀሳቀሰ፤ ቀጭኑ ፉጨት አብሮት ተንቀሳቀሰ። አንድ ፎልደር ከፍቶ ወደ ታች ሲያወርድ ፉጨቱ ሌላ ዜማ ያዘ። እዚህ ላይ ልጁ ራሱ ነቃ። ያን ዓይነት ካርድ ድምፁን ራሱ ወደ ቁጥር አይለውጥም፤ በኬዙ ውስጥ በምታልፍ ቀጭን ገመድ ለሳውንድ ካርዱ ያቀብላል። ገመዷ ከሁከት የሚከልላት መረብ የላትም፤ መንገዷም በሃርድ ዲስኩና በማዘርቦርዱ የኃይል ክፍል አጠገብ ነው። ፕሮሰሰሩ ሥራ በበዛበት ቁጥር የሚስበው ኤሌክትሪክ ይለዋወጣል፤ ገመዷ ያንን ሁሉ ትለቅማለች። ልጁ ነቅሎ ጣላትና የዴኩን ቀይና ነጭ በቀጥታ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሰማያዊው ቀዳዳ ውስጥ ሰካ። ሮዙ አጠገቡ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚያ ላይ ነው። ሮዙ የማይክ ነው፣ ጥቂት ሚሊቮልት የለመደ፤ ዴክ የሚልከው ግን በመቶዎች የሚቆጠር ሚሊቮልት ስለሆነ እዚያ ሲገባ ድምፁ ይሰባበራል። በሰማያዊው ፉጨቱ ጠፋ።

ማጉረምረሙ ግን ባለበት ነው። የድምፅ ሰዎች ሃሚንግ ይሉታል። ልጁ በሶፍትዌር ልጠበውና እንገላገል አለ፤ ጋሼ አልፈቀዱለትም፤ ልክም ነበሩ። ሃሚንግ የሚቀመጠው ከበሮውና ባስ ጊታሩ በሚኖሩበት ዝቅተኛ ክልል ነው፤ ምንጩን ሳያገኙ የሚያጥቡ ሰዎች ሰርጉን ያለ ከበሮ ያስረክባሉ። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነው ደግመው አዳመጡና «ይርገበገባል» አሉ። «አንድ ወጥ ድምፅ ብቻውን አይርገበገብም። ሁለት ናቸው።»

ልጁ በካሴቱ መጀመሪያ ላይ፣ ርዕሱ ከመውጣቱ በፊት ያለውን ሙዚቃም ወሬም የሌለበትን ጥቁር ቦታ ቀረጸና ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ከፈተው። ፕሮግራሙ ድምፅን በውስጡ ወዳሉት ድግግሞሾች በትኖ ያሳያል። በ50 ኸርዝ ላይ አንድ ረጅም ምሰሶ ቆሟል፤ ቀጥሎ በ100፣ በ150። በመካከላቸው ደግሞ ሌላ ተርታ አለ፦ 60፣ 120፣ 180። በ50 እና በ60 መካከል ያለው ልዩነት 10 ነው፤ ጋሼ በጆሯቸው የያዙት በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል መርገብገብ ይኸው ነበር።

50 የኢትዮጵያ መብራት ድግግሞሽ ነው። 60 የአሜሪካ። ልጁ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ጋሼ፣ ካሴቱ የአሜሪካን መብራት ይዞ መጥቷል!»

ማመን የሚያስደስት ግምት ነው። የሰርጉ አምፕሊፋየር የዋሽንግተንን 60 ኸርዝ ሲያጉረመርም፣ ካሴቱ ያንን ቀርጾ ውቅያኖስ ሲያሻግር፣ እዚህ ደግሞ ከእኛው 50 ጋር ሲገናኝ። ጋሼ ግን «እንግዲህ» ብቻ ብለው ዝም አሉ።

በዚያ መሃል መብራት ሄደ። በአዲስ አበባ ይህ ዜና አይደለም፤ ለዚህ ምርመራ ግን የትኛውም የተገዛ መሣሪያ ያልሰጠውን ሰጠ። የሕንፃው ጄኔሬተር ተነሳ፤ ልጁ ያንኑ ጥቁር ቦታ መልሶ ቀረጸ። የ50ዎቹ ተርታ ከቦታው ተነቅሎ 52 ላይ ቆሟል፤ 100 የነበረው 104፣ 150 የነበረው 156 ሆኗል። ጄኔሬተር ሸክም ሲቀልለት ፈጠን ብሎ ይዞራል፣ ሲበዛበት ይዘገያል፤ ምድር ቤት ያለው ካፌ የቡና ማሽኑን ሲያበራ ምሰሶዎቹ ወደ ኋላ ሸርተት አሉ። የ60ዎቹ ንቅንቅ አላሉም። ስለዚህ አንዱ የሚመጣው ከግድግዳው ነው፣ ሌላው ከካሴቱ ወይም ከዴኩ።

መብራቱ ሲመለስ የግድግዳውን ተያያዙት።

«ይኼ ኬዝ ሲነካ ይነዝራል?» ጠየቁ ጋሼ።

«ሁልጊዜ። ኮምፒውተር አይደል?» አለ ልጁ፣ የተፈጥሮ ጠባዩ እንደሆነ ሁሉ።

ጋሼ ከኪሳቸው ቴስተሩን አወጡ፤ ሆዷ ውስጥ መብራት ያላትን ትንሽ ካቻቢቴ። ጫፏን ኬዙ ብረት ላይ ሲያሳርፉ በራች። ቆጣሪው ላይ አጥፍተው ሶኬቱን ፈቱት፤ ለግራውንድ የተዘጋጀው ቦታ አለ፣ ከኋላው ግን ሽቦ የለም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ነገሩ ከካርድ ችግርነት አልፎ የብዙ ቤት ችግር ነውና። የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ከፌዝና ከኒውትራል ወደ ብረቱ አካል የተገናኙ ሁለት ትንንሽ ካፓሲተሮች አሉ። ሥራቸው ፓወር ሰፕላዩ ራሱ የሚፈጥረውን ሁከት ወደ ግራውንድ ማፍሰስ ነው። ግራውንድ ከሌለ ሁለቱ 220ውን እኩል ይካፈሉና ኬዙን 110 ቮልት ገደማ ላይ አንጠልጥለው ይተዉታል። በእነሱ በኩል የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ብዙውን ጊዜ ከ1 ሚሊአምፒር በታች ስለሆነ ይነዝራል እንጂ ሰው አይጥልም። ሆኖም መውጫ መፈለጉ አይቀርም። በዚህ ሱቅ ያገኘው መውጫ የድምፅ ገመዱ የውጭ መረብ ነው፦ ከኬዙ ወደ ዴኩ፣ ከዴኩ አብሮት ወደተሰካው የዲሽ ሪሲቨር፣ ከሪሲቨሩ በዲሹ ገመድ ወደ ጣሪያው ብረት። መረቡ ለድምፁም መመለሻ ሽቦ ስለሆነ በላዩ ሲያልፍ የዋለው 50 ኸርዝ ከሙዚቃው ጋር ይደመራል።

ልጁ የሪሲቨሩን ገመድ ከዴኩ ነቀለ። የ50ው ምሰሶ ወዲያው አጠረ፤ ከመሬት ብዙም ከፍ አላለም።

ጋሼ ለሙከራ ብለው ከአሮጌ የስልክ ሞደም የነቀሏቸውን ሁለት ትራንስፎርመሮች በድምፅ ገመዱ መሃል አስገቡ። እነዚህ ድምፁን በማግኔት ያሻግራሉ እንጂ ሁለቱን ዕቃዎች በሽቦ አያገናኙም። የቀረውን ሃሚንግ ጨርሰው ቆረጡት፤ ግን ባሱንም አብረው በሉት። ለስልክ ወሬ የተሠራ ዕቃ ለሰርግ ሙዚቃ አይሆንምና ተመልሰው ወጡ። ኤሌክትሪሽያን ተጠርቶ ሶኬቱ ግራውንድ እስኪያገኝ ሥራው ቆመ፤ ዲሹም ከዴኩ እንደተነቀለ ቀረ። በነገራችን ላይ ሃሚንግ ለማጥፋት የስፒናውን ሦስተኛ እግር የሚሰብሩ ሰዎች አሉ። ድምፁ ሊጠፋላቸው ይችላል። ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ፌዙ ተላቆ ከኬዙ የተገናኘ ቀን ግን ሰውን የሚያተርፈው ያ የተሰበረው እግር ነው።

የ60ው ተርታ ቀረ። ልጁ በአሜሪካ መብራት ግምቱ እንደጸና ነው።

«ጥቁሩ ቦታ ላይ እኮ አዳራሽም ማይክም የለም» አሉ ጋሼ።

«ያቀናበሩበት ስቱዲዮም አሜሪካ ነው» አለ ልጁ፣ ለሽንፈት ሳይዘጋጅ።

«እንግዲያው በደንብ እንለካው።»

ፕሮግራሙ 60ን ከ60 ገደማ የመለየት አቅም አልነበረውም። ግን ምሰሶዎቹ የመጀመሪያው ብዜቶች ናቸውና ትንሽ ልዩነት ወደ ላይ በወጣ ቁጥር አብሮ ይባዛል። ነገሩ መብራት ከሆነ 20ኛው ምሰሶ 1200 ላይ፣ ቢበዛ ከዚያ በጣም ትንሽ ወዲህ ወይም ወዲያ መቆም አለበት። ልጁ ስክሪኑን አጉልቶ አየ። የቆመው 1199 ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ነው፤ 1198.8 ግድም። ለ20 ሲካፈል 59.94።

ጋሼ ቁጥሩን ሲያዩ ሳቁ። «ይኼ መብራት አይደለም፤ ቴሌቪዥን ነው።»

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1953 የቀለም ቴሌቪዥን ደረጃቸውን ሲያጸድቁ፣ የቀለሙ ሞገድ ከድምፁ ሞገድ ጋር ተጋጭቶ ምስሉን እንዳያበላሽ በሰከንድ 60 የነበረውን የምስል ምት ከሺህ አንድ ያህል ቀነሱት። መብራታቸው 60 ላይ ቀረ፤ ቴሌቪዥናቸው 59.94 ሆነ። ድምፅና ምስል እንዳይረባበሹ የተደረገች ያች ቅናሽ እነሆ ስንት ዘመን ቆይታ የአንድ ረብሻ መታወቂያ ሆነች።

ታዲያ በዚህ ምት ዝዝ የሚለው ምንድን ነው? የቪኤችኤስ ካሴት ድምፅን በሁለት ቦታ ሊይዝ ይችላል። አንዱ በቴፑ ጠርዝ ላይ ያለው ተራ መስመር ነው፤ የማይንቀሳቀስ ሄድ ያነበዋል። በኤንቲኤስሲ መደበኛ ፍጥነት ቴፑ በሰከንድ 33 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ይጓዛል፤ ተራው የሙዚቃ ካሴት ወደ 48 ይጓዛል። የዚህ መስመር ድምፅ ሽሽታ የሚበዛበት ለዚህ ነው። ሁለተኛው በ1980ዎቹ የመጣው ሃይ ፋይ ነው፤ ድምፁ ልክ እንደ ምስሉ በሚሽከረከረው ድራም ላይ ባሉ ሄዶች ይጻፋል፣ ጥራቱም ከመጀመሪያው ጋር አይወዳደርም። ድራሙ በሰከንድ ወደ 30 ጊዜ ይዞራል፤ በተቃራኒ ጎኖቹ ካሉት ሁለት ሄዶች አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይቀበላል። ቅብብሉ በሰከንድ 59.94 ጊዜ ነው። ቴፑ ጤነኛ ከሆነና ትራኪንጉ ከተስተካከለ ጆሮ አያውቀውም። ቴፑ ሲያረጅ ወይም ሄዱ መስመሩን ሲስት ግን በእያንዳንዱ ቅብብል ላይ ድምፁ ለቅጽበት ይቆረጣል፤ ቁርጥራጩ ተደምሮ ዝዝታ ይሆናል።

ማረጋገጫው ዴኩ ላይ ያለች አንዲት ቁልፍ ነበረች። ልጁ ከሃይ ፋይ ወደ ኖርማል ሲያዞራት የ60ው ተርታ እንዳለ ጠፋ፤ በምትኩ ሽሽታ መጣ። ወደ ሃይ ፋይ መልሶ ትራኪንጉን ቀስ እያለ ሲያስተካክል ምሰሶዎቹ ወረዱ፤ ጨርሰው ግን አልወደቁም።

የሙሽራዋ እናት ሲመጡ ልጁ ሁለቱንም አሰማቸው። ሃይ ፋዩ ላይ ኦርጉም ባሱም ሙሉ ናቸው፤ ከስር ስስ ዝዝታ አለ። ኖርማሉ ላይ ሙዚቃው ቀጥኗል፤ የሽማግሌዎቹ ምርቃት ግን ምንም ሳይዝዝ ቃል በቃል ይሰማል።

«የትኛውን ላድርግልዎት እማማ?»

«ምርቃቱን ከዚህኛው፣ ጭፈራውን ከዚያኛው አድርግልኝ» አሉ።

ካሴቱን ሁለቴ ቀረጸው፤ አንዴ በሃይ ፋይ፣ አንዴ በኖርማል። ሁለቱን ድምፆች ከአንዱ ምስል ስር ደርድሮ ሽማግሌዎቹ ሲነሱ ወደ ኖርማል፣ ሙዚቃው ሲጀምር ወደ ሃይ ፋይ እያሻገረ ቀጣጠላቸው። ሂሳቡን የሁለት ካሴት ጠየቃቸው፤ የአንድ ከፍለው ሄዱ።